ለኳስ የመጣው ሰውዬ

እኔ ከቀትር በፊት ሰው ቤት አልሄድም። ወዳጆቼ ይህን በስንፍና ተርጉመውታል። አንደኛው «እሱ ከእንቅልፉ የሚነሣው ፀሐይ ከወጣች፣ ቁርሷን ከበላችና ከደከማት በኋላ ነው» ብሎ በማኅበር ላይ አስቆብኛል። ባለቤቴ ለእንግዳ ስታስረዳ «መጽሐፍ ሲያነብ አምሽቶ ነው» ትላለች፤ ይህ ከስንፍና ከፍ ያለ ስም ስለሆነ አልቃወማትም። የወለደችውን እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት የምሄደው ከሰዓት በኋላ ነው። ከሕመም የተነሣውን፣ ከውጭ አገር የተመለሰውን፣ አዲስ ቤት የገባውን፣ ሁሉንም የምጠይቀው ከሰዓት በኋላ ነው። ምክንያቱን ብዙ ሰው ጠይቆኝ በቀልድ አልፌዋለሁ። ዛሬ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱ የቅርጫት ኳስ ነው።

በጃንሆይ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ አስተምር ነበር። እዚያ ኮሌጅ መግባት ከባድ ነበር፤ መቆየት ደግሞ ከመግባት ይብስ ነበር። በመስከረም ገብቶ የመጀመሪያውን ፈተና የወደቀ ተማሪ ለገና ሻንጣውን ይዞ አገሩ ይገባል። ቤተሰቡ ለበዓል የመጣ መስሎት በግ ያርድለታል። በዓሉ አልፎ፣ በጉ አልቆ፣ ልጁ ግን ሳይሄድ ሲቀር ነው ነገሩ የሚገባቸው። ዲናችን ይህን ሲፈርዱ እጃቸው አይንቀጠቀጥም። ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጡ፣ ሳቅን ለጡረታቸው ያስቀመጡ ሰው ነበሩ።

ታዲያ ይህ ኮሌጅ በትምህርት የሚኮራውን ያህል በቅርጫት ኳስ ያፍር ነበር። በተለይ ከዕጩ መኮንኖቹ ቡድን ጋር ስንጋጠም ለማየት ያሳዝናል። እነሱ ወታደር ናቸው፤ በቁመታቸው ተመርጠው የገቡ ናቸው። የእኛዎቹ በሒሳብ ተመርጠው የገቡ ናቸው። ኳሱ በስንት ማዕዘን ቢወረወር ቅርጫት ውስጥ እንደሚገባ በወረቀት ላይ ማሳየት ይችላሉ፤ ችግራቸው ኳሱን አለማግኘታቸው ነው። አንድ ዓመት ከየጠቅላይ ግዛቱ ረጃጅም ልጆች ተሰብስበው መጡልን። መስከረምና ጥቅምት አሸነፍን። ለገና ቡድኑ በሙሉ አገሩ ገባ።

እኔ በዚያ ሰሞን በኮሌጁ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣሁ። የቅርጫት ኳስ ማለት ታችኛው የተቀደደ ቅርጫት ለመሙላት ዐሥር ጤነኛ ሰዎች የሚታገሉበት ሥራ ነው፤ ለተማረ ሰው አይመጥንም አልኩ። ተማሪው ሳቀ። እኔም ኮራሁ። በማግስቱ ዲኑ አስጠሩኝ።

«ስለ ቅርጫት ኳስ ከእርስዎ በላይ የጻፈ ሰው በዚህ ግቢ የለም» አሉኝ። «አባትዎም የጎጃም ሰው ነበሩ። ደብረ ማርቆስ ይሂዱና ረጅም ልጅ ፈልገው ያምጡልን። ግን ማትሪኩን በደንብ የሚያልፍ ይሁን። ረጅም ሆኖ ሰነፍ አልፈልግም። ጎበዝ ሆኖ አጭር ደግሞ ሞልቶናል።»

መጨረሻውን ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። እኔ ከላይኛው መደርደሪያ መጽሐፍ ለማውረድ ተማሪ የምጠራ ሰው ነኝ።

ከሚያዝያ ቀናት ባንዱ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ አባይ በረሃ ወርጄ፣ አባይ በረሃ ወጥቼ፣ ግማሹን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ ማርቆስ ገባሁ። ጎጃም ይበርዳል ብለውኝ ጥቁር ካፖርት ለብሻለሁ። ኪሴ ውስጥ የልብስ ሰፊ ሜትር አለ። እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ካፖርቱንና ሜትሩን፣ አስታውሱልኝ። የደረሰው ሁሉ የደረሰው በእነሱ ነው።

የተቀበለኝ አስማረ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የስፖርት አስተማሪ ነው። ለሁሉም ነገር መፍትሔ ያለው ወጣት ነበር። «ጋሼ፣ ረጅም ሰው ተለይቶ የሚታየው ሕዝብ መሐል ነው። ይጁቤ ገበያ እንሂድ፤ የተማረ ከተገኘ እሰየው፣ ካልተገኘ የተማረ ዘመዱን እንጠይቃለን» አለኝ። በመጽሐፍ ያልተጻፈ ዘዴ ስለሆነ ወደድኩለት።

ገበያው ደርቷል። በርበሬ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ቀረብኩና፣ «አባቴ፣ እዚህ አካባቢ ረዘም ረዘም ያለ ጎረምሳ አይጠፋም?» አልኳቸው።

ሽማግሌው ካፖርቴን አዩ። ከኪሴ ጫፉ ወጥቶ የሚወዛወዘውን ሜትር አዩ። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ እንደሚያስል ሰው ሆነው፣ ከኋላቸው ለቆመው ልጃቸው «ተቀመጥ» አሉት። ልጁ ተቀመጠ። ከልጁ አጠገብ የቆመውም ተቀመጠ። ነፋስ የነካው የጤፍ ማሳ እንደሚተኛ፣ ገበያው ከበርበሬ ተራ ጀምሮ ረድፍ በረድፍ ዝቅ አለ። ጨው ሻጩ ጨዉ ላይ ተቀመጠ። አህያ የሚጎትተው ከአህያው ጀርባ ጎንበስ ብሎ የአህያውን እግር የሚመረምር መሰለ። በሕይወቴ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ፣ በሕዝብ መካከል ረጅሙ ሰው እኔ ሆንኩ።

አንዲት ሴት እየሮጡ መጡና እግሬ ላይ ሊወድቁ ደረሱ። «ጌታዬ፣ የእኔን ልጅ እንኳ አይዩት። ዕድሜው ነው እንጂ ቁመቱ ከሙቀጫ አይበልጥም። እግሩም አንዱ አጭር ነው።»

«አንዱ ብቻ?» አልኩ፤ መቀለዴ ነበር።

«ኧረ ሁለቱም!»

አስማረ ክንዴን ይዞ ከገበያው አወጣኝ። ሳቁ ጠፍቶ ነበር። «ጋሼ፣ ሜትሩን ይክተቱት። ባለፈው ሜትር ይዞ እዚህ ገበያ የመጣ ሰው ለጦር ሠራዊት ነበር የመጣው። ረጃጅሞቹን እየለካ ወሰደ። እስካሁን የተመለሰ የለም።»

ሜትሩን ወደ ኪሴ ጠለቅ አድርጌ ከተትኩት። የሚገርመው፣ ልጁን ያገኘነው አስማረ በየቀኑ በሚያስተምርበት ግቢ ውስጥ ነው። አስማረ ይህን ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ልጁን አሳልፎ ለመስጠት ልቡ እሺ ስላላለው በገበያ አዙሮኛል። ስሙ ይታየው ነው፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ነው። አንገቱን ትንሽ ሰበር አድርጎ ይሄዳል፤ በየቤቱ ያለው በር በግንባሩ ያስተማረው ትሕትና ነው። የትምህርት ቤቱ ሜዳ አፈር ነው፤ ሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ላይ ከበርሜል የተቆረጠ ቀለበት ታስሯል። ይታየው ከቀለበቱ ሥር ቆመና ኳሱን እንደ ዕቃ ከቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠው። አልዘለለም። ስለ ቅርጫት ኳስ የጻፍኩት ሁሉ ያን ጊዜ ትንሽ አሳፈረኝ።

ወንበር ላይ ወጥቼ ለካሁት።

«ጋሼ፣ ኳሱ ከሰለቸኝ መተው እችላለሁ?» አለኝ ከላይ ወደ ታች።

«ትችላለህ። ትምህርቱ ከሰለቸህ ግን ለገና እዚህ ነህ።»

«እንግዲያ ደህና ነው። መማር እፈልጋለሁ» አለ። ከዚያ መሬት መሬት አየ። «እናቴ ሳትመርቀኝ ግን አባይን አልሻገርም። እሷ ደግሞ የምትመርቀኝ አይመስለኝም። ወንድሜም ረጅም ነው።»

የቀረውን አስማረ ነገረኝ። ታላቁ ጌታሁን በዚያ በይጁቤ ገበያ ተለክቶ የሄደ ነው። ወደ ምሥራቅ ጠረፍ ተልኳል ተባለ። መጀመሪያ በሰው በሰው ሰላምታ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ድምፁ ጠፋ። አባትየው ቀድመው ሞተዋል። እናቲቱ ወይዘሮ የሽወርቅ በደብረ ኤልያስ መንገድ ባለች አንዲት መንደር፣ መሬታቸውን እያሳረሱ፣ ሁለቱን ልጆች ይጠብቃሉ፤ አንዱን በየቅዳሜው ከማርቆስ፣ አንዱን ከማያውቁት አገር።

የሰው ልጅ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው። ስለዚህ የንስሐ አባታቸው ቄስ በላይ እንዲያማልዱን ተስማማንና በዋዜማው እዚያው መንደር የአስማረ አክስት ቤት ገባን። እኔ እግሬን ስታጠብ አስማረ ቄሱ ዘንድ ሄደ። የነገራቸው ቃል በቃል ይኸው ነው፤ «ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ አለ። የወይዘሮ የሽወርቅን ልጅ ጉዳይ ሊነግራቸው ነው። ነገ ገበያ ሳይወጡ ማልደን እንድረስ።»

አንባቢዬ፣ አገሩን የምታውቅ ከሆነ አሁን ራስህን እየያዝክ ነው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ፣ የልጅ ጉዳይ፣ ማለዳ፣ የንስሐ አባት። ቄስ በላይ ምንም አልጠየቁም። እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። ለጎረቤት ሴቶች ብቻ «ነገ በጠዋት ከቤት አትራቁ» ብለው ጥቁር ካባቸውን ከሣጥን አወጡ። እኔ ደግሞ የመርዶን ደንብ የማላውቅ ሰው አይደለሁም፤ አባቴ ሲሞት በማለዳ በሬን የቆረቆሩት ሽማግሎች ዛሬም ፊቴ ላይ ናቸው። ግን ሰው ደስ የሚል ነገር ይዤ መጥቻለሁ ብሎ ሲያምን ራሱን በሌላ ሰው ዓይን አያይም።

ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን ሄድን። ብርድ ነው። ቄሱ በየመሐሉ በረጅሙ ይተነፍሳሉ፤ ዳገቱ ከብዷቸው መሰለኝ።

«መቼም ይህን ለእናት መንገር ከባድ ነው» አሉኝ።

«መጀመሪያ ቅር ይላቸዋል አባቴ። በኋላ ደስ ይላቸዋል።»

ቄሱ ቆሙ። «ደስ?»

«ስንቱ ተመኝቶ ያጣው ዕድል ነው እኮ።»

አማተቡ። እስከ ደጁ ድረስ ሁለተኛ ቃል አላወጡም። አዲስ አበባ ሰውን ምን ያህል እንደሚያበላሽ እያሰቡ እንደነበር ኋላ ነገሩኝ።

ወይዘሮ የሽወርቅ ላም አልበው ቀና ሲሉ አዩን። ፊት ለፊት የንስሐ አባታቸው፣ በጥቁር ካባ። ከኋላ የልጃቸው አስተማሪ፣ አንገቱን ደፍቶ። በመሐል አጭር ሰው፣ በጥቁር ካፖርት። ወተቱ ከእጃቸው ወደቀ። እኛ ገና እንደምን አደሩ አላልንም።

«ጌታሁኔ!»

ያ ጩኸት ገና ሳያልቅ የአጥሩ ማዶ በሙሉ ጮኸ። ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን ለለቅሶ ታጥቀው ከጎሕ ጀምሮ ቆመው ነበርና በአንድ ጊዜ ገቡ። የመንደሩ አልቃሽ እትዬ ጠጅቱ ደረቷን እየመታች ከመሐል ቆመች።

«ቁመትህ አማረን ብለው ለክተው የወሰዱህ፣
አፈሩንስ ሲለኩ በስንት ክንድ አኖሩህ?»

ኪሴ ውስጥ ያለው ሜትር እንደ ፍም አቃጠለኝ።

«ኳስ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «ኧረ ስለ ማርያም፣ ለኳስ ነው የመጣሁት! ኳስ ነው!»

በለቅሶ መካከል ኳስ ነው እያለ የሚጮህ ሰው እንዴት እንደሚታይ ልትገምቱ ትችላላችሁ። አንድ አዛውንት መጥተው ትከሻዬን አቀፉ። «ቻለው ልጄ፣ ቻለው። አብራችሁ ትጫወቱ ኖሯል?» አሉኝ። አንዱ እንድቀመጥ ዱካ አመጣልኝ። ሌላው ጋቢ ደረበልኝ። በተከራከርኩ ቁጥር ሐዘኑ አእምሮዬን እንዳናወጠው እየተነጋገሩ ያጽናኑኛል። ቄስ በላይ ሳይቀሩ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ፤ በመንገድ ላይ ያልኩት ሁሉ አሁን ገባቸው።

በመጨረሻ አስማረ ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኾ፣ ማንም እንዳልሞተ፣ እኔም ይታየውን ለትምህርት ልጠይቅ እንደመጣሁ ተናገረ። ለቅሶው ከዳር ወደ መሐል ቀስ እያለ ጠፋ። የመጨረሻዋ እትዬ ጠጅቱ ናት።

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?» አለች።

«ማንም።»

«ይህን ሁሉ ሰው በማለዳ ያስለቀሳችሁት ለጨዋታ ነው?»

አንዱ መሳቅ ጀመረ። ሌላው ተከተለው። ደረታቸው ከመመታት የቀላ ሴቶች እየተደጋገፉ ሳቁ። ያልሳቁት ወይዘሮ የሽወርቅ ብቻ ናቸው። እንባቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ጠርገው ወደ እኔ መጡ።

«እንግዲያው ልጄ አለ?» አሉኝ።

ሃያ ዓመት ሙሉ አንብቤያለሁ። ተማሪ ጠይቆኝ መልስ ያጣሁበት ቀን ብዙ አይደለም፤ ሳጣም ፈጥሬ እመልሳለሁ። ለእኒያ ሴት ግን የምፈጥረው አልነበረኝም።

«አላውቅም እናቴ» አልኳቸው።

መርዶ ይዞ ከመምጣት የከፋ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አለ። ባዶ እጅን መምጣት ነው።

ቤት አስገብተው አስቀመጡኝ። ስለ ኮሌጁ ያልኩትን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙ። ስለ ኳሱ ስነግራቸው «ለዚህ ነው ሰው የሚመረጥ?» አሉ፤ በመጽሔቱ ላይ ከጻፍኩት የበለጠ ቁም ነገር ነበረው።

«ለክተውታል?»

«ለክቼዋለሁ።»

«ያኛውንም ለክተው ነው የወሰዱት።» ከዚያ ቀና አሉ። «ጌታዬ፣ እርስዎ የሚኖሩት ካገሩ እምብርት ነው። ትልልቁ ቢሮ ሁሉ እዚያ ነው ይባላል። የጌታሁኔን ነገር ያምጡልኝ። አለም ይሁን፣ የለም ይሁን። ያን ካመጡልኝ ይታየውን መርቄ እሰጥዎታለሁ። ቃሌ ነው።»

ያን ክረምት የአዲስ አበባን ቢሮዎች ተማርኩ። ዝናቡ ይወርዳል፤ እኔ ካፖርቴን ለብሼ ከደጅ ደጅ እላለሁ። የጽሕፈት ቤት ሰው ቀና ሳይል ይጠይቃል።

«የሟቹ ምኑ ነህ?»

«መሞቱን አላውቅም።»

«የወታደሩ ምኑ ነህ ታዲያ?»

«የወንድሙ ኳስ ፈላጊ ነኝ።»

ቀና ብሎ ያየኛል፤ ከዚያ ወደ ሌላ ቢሮ ይመራኛል። እዚያም ሌላ ሰው ቀና ብሎ ያየኛል። አንዱ የስፖርት ጉዳይ እዚህ አይደለም አለኝ። ሌላው ዘመድ ካልሆንኩ ምን እንዳገባኝ ጠየቀኝ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን በየቀኑ የምጠይቀው ይህንኑ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ሁልጊዜ የሚቀመጡ ሰዎች አሉ፤ ከሰላሌ፣ ከወሎ፣ ከአርሲ የመጡ አባቶችና እናቶች። አንድ ቀን ሁሉም በአንድ ላይ ሲነሡ አየሁና ደነገጥኩ። ሁሉም ረጃጅም ነበሩ።

ነገሩን ያወቅሁት ከቢሮዎቹ አይደለም። አንድ እጁን ያጣ ሃምሳ አለቃ በር ይጠብቅ ነበር። በየቀኑ ስመላለስ አይቶኝ «ማንን ነው የሚፈልጉት?» አለኝ። ነገርኩት።

«ጌታሁን? የጎጃሙ ረጅም?» ፊቱ በራ፤ ወዲያው ጠፋ። «ምሽግ አብረን ነበርን። ምሽጉ ለእኛ ለሁላችን ይበቃን ነበር። ለእሱ ግን አልበቃም። ጎንበስ በል፣ ጎንበስ በል እንለው ነበር። ስንት ሰዓት ጎንበስ ይባላል?» በደህናው እጁ አፉን ሸፈነ። «ለእናቱ ተነግሯል ብለውን ነበር እኮ። አልተነገራቸውም?»

መልእክቱ ከዚያ በር እስከዚያች መንደር ባለው መንገድ የቱ ጋ እንደቆመ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

በዚያው ሰሞን የማትሪክ ውጤት ወጣ። ይታየው በጥሩ ውጤት አልፏል። ዲኑ አስጠሩኝና «ረጅም ነው?» አሉ። ነው አልኩ። «አልፏል?» አልፏል አልኩ። «ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

በጳጉሜ ተሳፈርኩ። ቄስ በላይ ስነግራቸው ተቀምጠው አለቀሱ። በዚህ ጊዜ ሁሉንም በደንቡ ለማድረግ ወሰንን፤ በማለዳ፣ በጥቁር ልብስ፣ ጎረቤት አስጠንቅቀን። ቄሱ በዋዜማው ለሴቶቹ «ነገ በጠዋት ከቤት አትራቁ» አሏቸው። ሴቶቹ ሳቁ። «ደግሞ ለኳስ?» አሉና እንቅልፋቸውን ተኙ።

ጎሕ ሲቀድ ያንኑ መንገድ ወጣን። ያው ካባ፣ ያው ካፖርት። ልጆች ከሩቅ አይተው «ኳሱ መጣ! ኳሱ መጣ!» እያሉ ተከተሉን። እትዬ ጠጅቱ ከአጥሯ በላይ ብቅ አለችና፣

«ጌታው፣ ዛሬስ ማንን ልንገድል ነው?» ብላ ሳቀች። ቄሱ እጃቸውን ወደ እሷ ዘርግተው ዝም በይ ለማለት ሞከሩ። የባሰ ሳቀች።

ወይዘሮ የሽወርቅ ከቤት ወጡ። ፊታቸው እንዲያ በርቶ አይቼው አላውቅም። «ግቡ፣ ግቡ! አውቄያለሁ። በዚህ ሰዓት ከነካፖርትዎ ሲመጡ ደህና እንደሆነ አውቄያለሁ። ክፉ ቢሆንማ እንዲህ ሆነው ደግመው አይመጡም!» እጄን ይዘው ጎተቱኝ። በሩ ሥር አዲስ አገልግል ተቀምጧል፤ አጠገቡ የበሶ ከረጢት፣ የታጠፈ ጋቢ። የይታየው ስንቅ ነው። ካሰናዱት ቆይተዋል። «ጌታሁኔ ምን አለ? ከሳ? እንደ ጥንቱ ነው?»

እኔ የመጣሁበትን ቃል መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነበር፤ አፌ ውስጥ አልነበረም።

ያን ጊዜ ይታየው ጎንበስ ብሎ ከበሩ ወጣ። ቀና አለ። እናቱን አየ፣ ቄሱን አየ፣ እኔን አየ። ያ ሁሉ ቁመት፣ እንደ ይጁቤ ገበያ ሰዎች፣ ቀስ ብሎ ዝቅ አለና መሬት ላይ ተቀመጠ።

እናቱ የተቀመጠውን ልጃቸውን አዩ። በዚህ ጊዜ አልጮሁም። ሄደው ክንዱን ያዙና «ተነሥ» አሉት። «ተነሥ ልጄ። አንተ ቁም።» ቆመ። እሱ ሲቆም እሳቸው ተቀመጡ።

ሳቁ በየአጥሩ ላይ ተራ በተራ ጠፋ። እትዬ ጠጅቱ መቀነቷን ሳታስር ሮጣ ገባች። ደረቷን መታች፣ አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣትም። «ግጥሙን በውሸቱ ጊዜ ጨረስኩት» አለችና ያለ ግጥም እንደ ማንኛውም ሰው አለቀሰች።

ሰልስቱ እስኪያልፍ እዚያው ሰነበትኩ። ይታየውን ሳልወስድ ልመለስ አስቤ ነበር። ለወይዘሮ የሽወርቅ ይህንኑ ስነግራቸው አልሰሙኝም። «ያልኩትን አመጡልኝ። ቃል ቃል ነው» አሉ። ልጁ ተንበረከከላቸው፤ ተንበርክኮም እጃቸው ራሱ ላይ እንዲደርስ ትንሽ መንጠራራት ነበረባቸው። እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ቀን በፊት እርስዎ ነበር የሚሉኝ።

«አንተ ልጄ» አሉኝ። «ሁለተኛ በጠዋት አትምጣብኝ። መምጣት ምጣ፤ ቤትህ ነው። ግን ፀሐይ ዘወር ካለች በኋላ ና።»

ይታየው ኮሌጅ ገባ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይጫወትምና ዓመቱን ሙሉ ኳስ አልነካም። ግጥሚያ በነበረ ቁጥር ጥቁር ለብሶ ከሜዳው ዳር ይቀመጣል፤ ተቀምጦ ከቆሙት ተጫዋቾቻችን እኩል ነበር። ዕጩ መኮንኖቹ እንደ ወትሯቸው አደቀቁን። ዲኑ «ለዚህ ነው ጎጃም ድረስ የላክንዎ?» አሉኝ። የሆነውን ነገርኳቸው። ሻያቸውን እያማሰሉ ቆዩ፤ የሚያሟሟው ስኳር እንደሌለ ታውቃላችሁ። «በትምህርቱስ?» አሉ በመጨረሻ። ለገና አገሩ ካልተላኩት አንዱ እንደነበር ነገርኳቸው። ሌላ አልጠየቁኝም። እኔም ስለ ኳስ ሁለተኛ አልጻፍኩም።

በየክረምቱ አብሬው እሄድ ነበር። ማርቆስ አድረን በማለዳ ስለምንነሣ ፀሐይዋ ገና ሳትከር መንደሩ እንደርሳለን። አንገባም። ከቁልቋሉ አጥር ውጪ ዛፍ ሥር ቆመን እንጠብቃለን። አጥሩ እኔን ይሸፍነኛል፤ የይታየውን ራስ ግን አይሸፍነውም። እናቱ በግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ እህል ያበጥራሉ፣ ዶሮ ያባርራሉ። ያዩታል። እንደሚያዩት እሱም ያውቃል። እሳቸው ግን ጀርባቸውን ይሰጡና ያንኑ እህል ደግመው ያበጥሩታል። የዛፉ ጥላ ወደ ማዶ ሲዞር ሰፌዳቸውን ያስቀምጣሉ፣ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ያን ጊዜ ገና እንዳዩን ሆነው ይጮሃሉ፤

«ማነው እሱ? ግቡ እንጂ!»